የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራት በአሮጌ አውቶሞቢል ላይ ሲበራ፤ ምልክቱን አንብቦ ቤተ ሰብን ከከንቱ ወጪ ስለ ማዳን

የሰው ልጅ ትኵሳት በያዘው ጊዜ ትኵሳቱ ራሱ በሽታው እንዳይደለ፥ ነገር ግን በውስጥ የተሰወረውን በሽታ የሚያስታውቅ መልእክተኛ እንደ ሆነ ማንም አስተዋይ ያውቃል። በዛሬው ዘመን አውቶሞቢልም እንደዚህ ያለ መልእክተኛ አለው። ይኸውም በመሪው ፊት ለፊት፥ ፍጥነትንና ነዳጅን ከሚያመለክቱት ሰዓቶች አጠገብ፥ በሞተር ሥዕል የምትበራው ቢጫ መብራት ናት። ነጂዎች ሁሉ «ቼክ ኢንጂን» እያሉ ይጠሯታል።

ይህች መብራት በበራች ጊዜ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን «መኪናው እየሄደ ነው፤ ምን ቸገረኝ» ብሎ ወራት ሙሉ ዝም ይላታል። ሁለተኛው ወገን ደንግጦ ወደ ጋራዥ ይሮጥና የተነገረውን ዕቃ ሁሉ ሳይመረምር ያስለውጣል። የፊተኛው በቸልታው ትንሹን ብልሽት ትልቅ ያደርጋል፤ የኋለኛው በችኰላው ደኅናውን ዕቃ ጥሎ የተበላሸውን ይዞ ይመለሳል። እኛም በዛሬው ጽሑፋችን በሁለቱ መካከል ያለውን የማስተዋል መንገድ፥ ይልቁንም ዕድሜ በጠገበ መኪና ላይ ከጭስ ንጽሕና ጋራ የተያያዙትን ምልክቶች እንዴት ማንበብ እንደሚገባ ለማስረዳት አስበናል። ዓመቶቹን የምንጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ነገሩ ቤተ ሰብን ስለ ምን ይመለከታል

«ይህ የመካኒክ ነገር ነው እንጂ የቤተ ሰብ ገጽ ጕዳይ አይደለም» የሚል አንባቢ ቢኖር፥ እንዲህ ስንል እንመልስለታለን። አሮጌው መኪና ልጆችን ወደ ትምህርት ቤት፥ በሽተኛን ወደ ሐኪም ቤት፥ አባትንና እናትን ወደ እንጀራቸው የሚያደርስ የቤት ንብረት ነው። ለእርሱ የሚወጣውም ገንዘብ ከቤት ኪራይ፥ ከቀለብና ከልጆች ትምህርት ላይ የሚቀነስ ነው። በአሜሪካ አገር በዋሽንግተን ከተማ ዙሪያ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተ ሰቦች ይኖራሉ። በዚያው አጠገብ ባለው በሰሜን ቨርጂኒያ የቤንዚን መኪና በየ2 ዓመቱ የጭስ ምርመራ ማለፍ አለበት። ይህች ቢጫ መብራት እንደ በራች የቀረበ መኪና በምርመራው ይወድቃል፤ ምርመራውን ያላለፈ መኪናም የምዝገባ ፈቃዱ አይታደስለትም። ስለዚህ በመኪናው ለሚተዳደር ሰው የመብራቷ ነገር የቀለብ ነገር ሊሆን ይችላል።

በአገራችንም መንግሥት በ2024 ዓመት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ስለዚህ በእጁ አሮጌ የቤንዚን መኪና ያለው ቤተ ሰብ፥ ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ለመዛወር ዐቅም እስኪያገኝ ድረስ፥ ያንኑ ጠብቆና አክሞ ማኖር ይገባዋል።

የመብራቷ ትውልድ

መብራቷ ስለ ምን እንደ ተፈጠረች ማወቅ ቋንቋዋን ለመረዳት ይጠቅማል። በ1943 ዓመት በበጋ ወራት በሎስ አንጀለስ ከተማ ላይ ዐይን የሚያቃጥልና ጕሮሮ የሚከረክር ጕም ወረደ። ጊዜው የጦርነት ጊዜ ነበረና አንዳንዱ ሰው የጠላት መርዝ መሰለው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም የነበረው የኬሚስትሪ ሊቅ አሪ ሃገን ስሚት፥ ያልተቃጠለ የቤንዚን ትነትና ከሞተር የሚወጣው የናይትሮጅን ጋዝ በፀሐይ ብርሃን ሲዋሐዱ ያንን ጕም እንደሚወልዱ አስረዳ። የአሜሪካ መንግሥትም በ1970 ዓመት የአየር ንጽሕናን ሕግ አጠንክሮ አወጣ፤ ከ1975 ሞዴል ጀምሮ በአብዛኞቹ አዳዲስ መኪናዎች ላይ ካታሊቲክ ኮንቨርተር የተባለው የጭስ ማጣሪያ ተገጠመ።

ይሁን እንጂ ማጣሪያው ቢበላሽ ነጂው የሚያውቅበት መንገድ አልነበረም። ስለዚህ የካሊፎርኒያ ግዛት ከ1988 ሞዴል ጀምሮ መኪናው ራሱን በራሱ እየመረመረ ብልሽቱን በመብራት እንዲያስታውቅ አዘዘች። ከ1996 ሞዴል ጀምሮ ደግሞ በመላው አሜሪካ የሚሸጡ የቤት መኪናዎች «ኦቢዲ 2» የሚባለውን አንድ ዐይነት የመመርመሪያ ሥርዐት እንዲይዙ ተደረገ። የአውሮፓ ኅብረት አገሮችም በ2001 ዓመት ለአዳዲስ የቤንዚን መኪናዎች ይህንኑ የመሰለ ሥርዐት ተከተሉ።

እንግዲህ መብራቷ ከሁሉ አስቀድማ የአየሩን ንጽሕና የምትጠብቅ ዘበኛ ናት። መኪናው በደኅና እየነዳ፥ ድምፁም ሳይለወጥ መብራቷ የምትበራበት ምክንያት ይህ ነው።

በሞተሩ ውስጥ የሚሆነው ነገር

ቤንዚን በሚገባ እንዲቃጠል ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ የሚያህል አየር ያስፈልጋል። ይህንን ልክ የሚጠብቀው ኮምፒዩተሩ ነው። በአየር መግቢያው ላይ ያለው ሴንሰር የሚገባውን አየር ይለካል፤ በጭስ መውጫው ላይ ያለው የኦክስጅን ሴንሰር ደግሞ በጭሱ ውስጥ የተረፈውን ኦክስጅን ይመረምራል። ኮምፒዩተሩም የሁለቱን ቃል እያመዛዘነ ቤንዚኑን ይጨምራል ወይም ይቀንሳል።

ጭሱ ከዚያ ወደ ማጣሪያው ይገባል። የማጣሪያው ውስጥ እንደ ማር እንጀራ የተበሳሳ ሸክላ ሲሆን፥ ፕላቲንየም፥ ፓላዲየምና ሮዲየም የተባሉ ውድ ማዕድኖች ተቀብተውበታል። እነዚህ ማዕድኖች መርዛሙን ካርቦን ሞኖክሳይድ፥ ያልተቃጠለውን ቤንዚንና የናይትሮጅኑን ጋዝ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፥ ወደ ውሃ ትነትና ወደ ተራ ናይትሮጅን ይለውጧቸዋል። ከማጣሪያው በኋላም ሁለተኛ የኦክስጅን ሴንሰር ቆሞ ሥራው በሚገባ መፈጸሙን ይቈጣጠራል።

ኮዱን ስለ ማንበብ

ኦቢዲ 2 ባለው መኪና፥ ከመሪው በታች በእግር በኩል፥ 16 ማስገቢያ ያለው መሰኪያ ይገኛል። ማንበቢያ መሣሪያውን በዚያ ሰክተው ቁልፉን ሲያዞሩ ኮምፒዩተሩ የመዘገበውን ኮድ ያሳያል። ተራው ማንበቢያ ብዙ ዋጋ የለውም፤ በአሜሪካም ብዙ የመለዋወጫ ሱቆች ያለ ክፍያ ያነቡታል።

ኮዱ አንድ ፊደልና 4 አሐዞች አሉት። «ፒ» የሚለው ፊደል ነገሩ የሞተርና የማርሽ መሆኑን ያመለክታል። ከእርሱ ቀጥሎ ያለው አሐዝ 0 ሲሆን ኮዱ ለሁሉም ፋብሪካዎች አንድ ነው፤ 1 ሲሆን ግን የዚያ ፋብሪካ የግል ኮድ ነው። የሚቀጥለው አሐዝ 1 ወይም 2 ሲሆን ነገሩ የአየርና የቤንዚን፥ 3 ሲሆን የማቀጣጠያው፥ 4 ሲሆን የጭስና የትነት ማጣሪያ መሣሪያዎች ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር ግን ይህ ነው፤ ኮዱ ከሳሽ ነው እንጂ ዳኛ አይደለም። «ይህ ሥራ ከልኩ ወጥቷል» ይላል እንጂ «ይህን ዕቃ ለውጡ» አይልም። የኦክስጅን ሴንሰር «አየሩ በዝቷል» ብሎ ቢናገር፥ እውነቱን ተናግሮ ይሆናልና ሴንሰሩን መለወጥ የእውነተኛውን ምስክር አፍ እንደ መዝጋት ይቈጠራል። ኮምፒዩተሩ መብራቷን ባበራበት ቅጽበት የሞተሩ ሙቀት፥ ዙሩና የመኪናው ፍጥነት ምን እንደ ነበረ አብሮ ይመዘግባል። ይህ መዝገብ ኮዱ ሲጠፋ አብሮ ስለሚጠፋ፥ ከሁሉ አስቀድሞ በወረቀት መገልበጥ ያስፈልጋል።

በአሮጌ መኪና ላይ የሚበዙት ኮዶች

1ኛ፤ የነዳጅ ትነት ኮዶች። እነዚህም ፒ 0440፥ ፒ 0442፥ ፒ 0455 እና ፒ 0456 ናቸው። ከነዳጅ ማጠራቀሚያው የሚነሣው ትነት ወደ አየር እንዳይወጣ በከሰል ዕቃ ውስጥ ተይዞ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። መንገዱ በአንድ ቦታ ሲያፈስ እነዚህ ኮዶች ይመዘገባሉ። ፒ 0455 ትልቅ ማፍሰስን፥ ፒ 0442 ወደ 1 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ቀዳዳ የሚያህለውን፥ ፒ 0456 የዚያን ግማሽ ያመለክታል። አስቀድሞ የሚታየው የነዳጁ ክዳን ነው። ተፈትቶ እንደ ሆነ ድምፅ እስኪሰጥ ድረስ ማጥበቅ፥ የጎማው ቀለበት ተሰነጣጥቆ እንደ ሆነ ክዳኑን መለወጥ ይበቃል። ክዳኑ ደኅና ከሆነ ከመኪናው ሥር ያሉት ቱቦዎችና ትነቱን የሚከፍተው ቫልቭ በጭስ መመርመሪያ ይፈተሻሉ። በነዳጅ ማደያ ቀጂው በራሱ ከቆመ በኋላ «ጥቂት ጨምር» ማለት ቤንዚኑን ወደ ከሰሉ ዕቃ እየሰደደ ያበላሸዋልና ይህን ልማድ መተው ይሻላል። ይህ ብልሽት ሞተሩን አይጎዳም፤ ነገር ግን የቤንዚን ሽታ ከተሰማ የእሳት አደጋ አለበትና ሳይውል ሳያድር ወደ ጋራዥ መሄድ ይገባል።

2ኛ፤ ፒ 0171። ትርጓሜው አየሩ ከቤንዚኑ በዛ ማለት ነው። ሁለት ረድፍ ሲሊንደር ባለው ሞተር በሁለተኛው ወገን ያለው ፒ 0174 ይባላል። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው። ይኸውም በተሰነጠቀ ቱቦ ወይም በደረቀ ጓርኒሲዮን በኩል ያልተለካ አየር መግባቱ፥ አየር የሚለካው ሴንሰር መቆሸሹ፥ ወይም የነዳጁ ፓምፕ መድከሙ ነው። ለመለየትም ኮምፒዩተሩ በቤንዚኑ ላይ የጨመረውን በመቶኛ የሚያሳይ ማንበቢያ ያስፈልጋል። እስከ 10 በመቶ የሚደርስ ጭማሪ ወይም ቅናሽ አያስጨንቅም። መኪናው ቆሞ ሳለ ጭማሪው ከ20 በመቶ አልፎ፥ ሞተሩ በደቂቃ ወደ 2500 ዙር ሲደርስ ግን ወደ ልኩ የሚመለስ ከሆነ፥ አየር በስንጥቅ እየገባ ነው። በተቃራኒው ጭማሪው ዳገት ሲወጣና ፍጥነት ሲጨምር የሚያድግ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ፓምፑ ወይም ወደ አየር መለኪያው ይዞራል።

3ኛ፤ ከፒ 0300 የሚጀምሩት። እነዚህ በሲሊንደር ውስጥ ቤንዚኑ ሳይቃጠል መቅረቱን ይናገራሉ። የመጨረሻው አሐዝ የሲሊንደሩ ቍጥር ነው፤ ፒ 0302 ቢሆን ሁለተኛው ሲሊንደር ነው። በዚህ ጊዜ መብራቷ ብልጭ ድርግም ካለች ነገሩ ብርቱ ነውና ነጂው እግሩን ከቤንዚኑ ላይ አንሥቶ፥ በቶሎ ዳር ይዞ መቆም አለበት። ያልተቃጠለው ቤንዚን በጭስ ማጣሪያው ውስጥ እየነደደ ሸክላውን ሊያቀልጠው ይችላልና። ለያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ቦቢና ባለው መኪና መመርመሪያው ቀላል ነው። የሁለተኛውንና የሦስተኛውን ሲሊንደር ቦቢና ማቀያየር ነው። ከዚያ በኋላ ኮዱ ወደ ፒ 0303 ከተዛወረ ጥፋተኛው ቦቢናው ነው፤ ካልተዛወረ ካንዴላው፥ ቀጥሎም ቤንዚን የሚረጨው ኢንጀክተር፥ በመጨረሻም የሲሊንደሩ የእመቃ ኀይል ይመረመራል።

4ኛ፤ ፒ 0420። ብዙ ቤተ ሰብ የሚያስደነግጠው ይህ ነው። «ማጣሪያው ሥራውን በሚገባ አይፈጽምም» ማለት ሲሆን፥ የማጣሪያው ዋጋ ከነሥራው በአሜሪካ ብዙ ጊዜ ከ1000 ዶላር ያልፋል። ነገር ግን ከመፍረድ በፊት ሁለቱን የኦክስጅን ሴንሰሮች ማመሳከር ይቻላል። በብዙ አሮጌ መኪናዎች የፊተኛው ሴንሰር ከ0.1 እስከ 0.9 ቮልት ድረስ ያለ ዕረፍት ይወጣል ይወርዳል። ማጣሪያው ደኅና ሲሆን የኋለኛው በ0.6 ወይም በ0.7 ቮልት አካባቢ ረግቶ ይቆማል። የኋለኛው የፊተኛውን እየተከተለ የሚዋዥቅ ከሆነ ማጣሪያው ደክሟል ለማለት ይቻላል። ያን ጊዜም ቢሆን የጭስ ቱቦው ከሴንሰሮቹ አጠገብ ተሰንጥቆ አየር እንዳያስገባ አስቀድሞ መፈተሽ አለበት። ማጣሪያው በእውነት ሞቶ ቢገኝ እንኳ «ምን ገደለው?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ዘይት የሚበላ ወይም የማቀዝቀዣ ውሃ ወደ ውስጥ የሚያፈስ ሞተር አዲሱንም ማጣሪያ እንደ አሮጌው ይገድለዋል።

5ኛ፤ ሌሎችም ጥቂት አሉ። ፒ 0401 ጭስን በከፊል ወደ ሞተሩ የሚመልሰው መንገድ በጥላሸት መጥበቡን፥ ፒ 0128 ሞተሩ በጊዜው አለመሞቁን፥ ፒ 0135 የፊተኛው ኦክስጅን ሴንሰር ማሞቂያ አለመሥራቱን ያመለክታሉ። በፒ 0128 ጊዜ የራዲያተሩን ውሃ ልክና ቴርሞስታቱን፥ በፒ 0135 ጊዜ ፊውዙንና ሽቦውን አስቀድሞ ማየት ከብዙ ወጪ ያድናል።

ብዙ ኮዶች በአንድነት ሲመጡ

ለምሳሌ የ20 ዓመት ዕድሜ ያለው የአንድ ቤተ ሰብ መኪና ፒ 0171፥ ፒ 0302 እና ፒ 0420 በአንድነት አሳየ እንበል። ችኩል ሠራተኛ ውዱን ዕቃ አይቶ «ማጣሪያው ይለወጥ» ይላል። አስተዋይ ሠራተኛ ግን ጭሱ በሚሄድበት መንገድ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። በመጀመሪያ ያልተለካ አየር በተሰነጠቀው ቱቦ ገባ፤ ስለዚህ በሁለተኛው ሲሊንደር ቤንዚኑ መቃጠል ተሳነው፤ ያልተቃጠለውም ወደ ማጣሪያው ወርዶ ሥራውን አወከው። ሦስቱ ክሶች የአንድ ጥፋት ልጆች ናቸው ማለት ነው። በጥቂት ገንዘብ ቱቦው ይለወጣል፥ ካንዴላውም ይታያል፤ ከዚያም መኪናው ጥቂት ቀን ተነድቶ እንደ ገና ይነበባል። ፒ 0420 ያለ ሌሎቹ ብቻውን ተመልሶ ቢመጣ ያን ጊዜ ስለ ማጣሪያው መነጋገር ይገባል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ተረት ለጋራዥም ይሠራል።

ኮዱን አጥፍቶ ስለ ማለፍ

አንዳንድ ሰዎች የምርመራው ቀን ሲደርስ ኮዱን በማንበቢያው ያጠፋሉ ወይም የባትሪውን ገመድ ይነቅላሉ። መብራቷ በእርግጥ ትጠፋለች፤ ነገር ግን ኮምፒዩተሩ የራሱን ምርመራዎች ሁሉ ከመጀመሪያ እንዲጀምር ይገደዳል። የመርማሪው መሣሪያም ምርመራዎቹ ገና አለመፈጸማቸውን ያያል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ባወጣው መመሪያ መሠረት ከ1996 እስከ 2000 ለተሠሩ ሞዴሎች 2፥ ከ2001 ወዲህ ለተሠሩት 1 ያልተፈጸመ ምርመራ ብቻ ይፈቀዳል። ስለዚህ በዋዜማው ኮድ ያጠፋ ሰው በማግሥቱ ተመለስ ይባላል። ከእውነተኛ ጥገና በኋላ ግን መኪናውን ሌሊት አሳድሮ በቀዝቃዛው ማስነሣት፥ በከተማና በሰፊ መንገድ እያፈራረቁ ጥቂት ቀን መንዳት፥ ከዚያም ወደ ምርመራ መሄድ ነው። ጥገናው የተሟላ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ መብራቷ ከ3 ተከታታይ ደኅና ጕዞዎች በኋላ ራሷ ትጠፋለች።

አሮጌ መኪና የሚገዛ ሰውም ይህን ልብ ይበል። ቁልፉን አዙሮ ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት መብራቷ መብራት አለባት። ካልበራች አምፑሉ ተቃጥሏል፥ ወይም ገዢ እንዳያይ ተነቅሏል።

በአገራችን መንገድ

በኢትዮጵያ አቧራው ብዙ ስለ ሆነ የአየር ፊልትሮው ከፋብሪካው መጽሐፍ ቀን በፊት ይሞላል። ስለዚህ ፊልትሮውን ቶሎ ቶሎ ማየት ያስፈልጋል። ለጃፓን አገር ገበያ የተሠሩት አሮጌ መኪናዎች ሁሉ ከተራው ማንበቢያ ጋራ አይግባቡምና ለእነርሱ የሚስማማ ማንበቢያ ያለውን ጋራዥ መፈለግ ያስፈልጋል። ማጣሪያውን አስነቅለው የሚነዱም አሉ። እነዚህ ሰዎች የቤታቸውን ቈሻሻ ከጎረቤት ደጅ እንደሚጥል ሰው ናቸው፤ ጭሱን የሚተነፍሰው በመንገድ ዳር የሚሄደው ሕፃን ነውና።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የሌለው ገዳይ ጋዝ መሆኑን ቤተ ሰብ ሁሉ ይወቅ። መብራቷ በርታም ጠፍታም በተዘጋ የመኪና ቤት ውስጥ ሞተር አስነሥቶ መቆየት ከቶ አይገባም። በመኪናው ውስጥ የጭስ ሽታ ከተሰማም፥ ወይም ተሳፋሪዎቹን ራስ ምታትና ማጥወልወል ከያዛቸው፥ መኪናውን አቁሞ መውጣት ይገባል።

ምክራችን

የቤቱ አሳዳሪ አንድ ደብተር በመኪናው ውስጥ ያኑር። መብራቷ የበራችበትን ቀን፥ የኪሎ ሜትሩን ቍጥር፥ ኮዱንና የተሠራውን ሥራ ይጻፍበት። ወደ ጋራዥ ሲሄድም «ዕቃ ለውጥልኝ» ሳይሆን «ኮዱ ይህ ነው፤ በምን ምርመራ አረጋግጠህ ነው ይህ ዕቃ ይለወጥ የምትለው?» ብሎ በትሕትና ይጠይቅ። ደኅና መካኒክ ይህ ጥያቄ አያስቈጣውም፤ ይልቁንም ሥራውን የሚያውቅ ሰው እንደ መጣለት ያያል። መልስ የሌለው ከሆነም ቤተ ሰቡ ገንዘቡን በኪሱ ይዞ ወደ ሌላ ቢሄድ ይሻለዋል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ቢጫዋ መብራት ደባቂ አይደለችም፤ በጊዜው ትናገራለች። ቃሏን ሰምቶ፥ ጽፎና መርምሮ የሚሠራ ቤተ ሰብ አሮጌውን መኪናውን ብዙ ዘመን ያገለግልበታል፤ ከንቱ ወጪም ይቀርለታል፤ ልጆቹ የሚተነፍሱትንም አየር ይጠብቃል።